ፒያኖው ሽቅብ ይውጣ

ይህን የሚጽፈው እጅ የዘሊካ ነው፤ የአዳራሻችን ትኬት ሻጭ የዘሊካ። ቃሉ ግን የእኔ የገብረማርያም ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ቅዳሜ በዘፈን ሠሪያችን በሂርጳ ሽኝት ላይ እኔ እቆማለሁ፣ እሷ ታነባለች። መሳቅ ያማራችሁ እኔን እያያችሁ ሳቁ፤ መቆጣት ያማራችሁም እንዲሁ። ዘሊካ፣ ያልኩትን ጻፊ እንጂ አታሳምሪው።

አቶ ከበበ፣ የአዳራሹ ሠራተኞች፣ እንግዶች፣ አንተም እዚያ ወንበር ላይ ሙሽራ መስለህ የተቀመጥከው ሂርጳ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ሂርጳ እዚህ ሲግናል መጀመሪያ የመጣው በአርባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ አህያ ላይ ባሕር ዛፍ ጭኖ፣ ለወጥ ቤቱ ማገዶ። አህያዋን አስሮ ወደ አዳራሹ አጮለቀ። እኔ ፒያኖውን እየረገጥኩ ነበር። ለማያውቅ እንግዳ ልንገር፦ ይህ ፒያኖ ሆዱ ውስጥ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅልል ይገባለታል። ከታች በእግር ሲረገጥ ወናፉ ይተነፍሳል፣ ወረቀቱ ይዞራል፣ ቀዳዳው በደረሰበት ቁልፉ ራሱ ይወርዳል። ጣት የለም። ሂርጳ ቁልፎቹ ብቻቸውን ሲዘሉ አየ። ባርኔጣውን አወለቀና እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አለ። ለእኔ እንዳይመስላችሁ፤ ለፒያኖው!

«ለእኔስ ሰላምታ የለም?» አልኩት።

«አንተማ እግርህን ነው የምታወዛውዘው። ዘፋኙ የት ነው የተደበቀው?» ብሎ ከኋላ ዞረ። ከሸረሪት ድር ሌላ አላገኘም። ተመልሶ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ቀረ። አህያዋ ሳትራገፍ ዋለች። የወጥ ቤቷ አዛዥ ወለተጊዮርጊስ፣ «እንጨት አምጡልኝ አልኩ እንጂ የፒያኖ ሐኪም አላልኩም!» ብላ ስትጮህ እንኳ አልሰማም።

በማግስቱም መጣ፤ እንጨት ሳይጭን። የአቶ ከበበ አባት ጋሽ አካሉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ያኔ ባለቤቱ እሳቸው ነበሩ፤ «ዛሬስ ምን ፈለግህ?» አሉት።

«ይህ ወረቀት የሚያውቀው የፈረንጅ ዘፈን ብቻ ነው። የኛን ላስተምረው።»

ጋሽ አካሉ ሳቁ። ግን አላባረሩትም። ሰው አዋቂነታቸው በዚያ ታየ።

አሁን ሳቃችሁን ያዙልኝ፤ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አቶ ከበበ ቴፕ ገዝተዋል። ለፒያኖውም ገዢ አግኝተዋል። ገዢው ሆዱን አውጥቶ ብፌ ሊያደርገው ነው፤ ብርጭቆ ሊደረድርበት። እኔ የምለው፦ ፒያኖው ከሂርጳ ጋር ይሂድ፤ እንጦጦ ማርያም ሥር ወዳለው ቤቱ ሽቅብ ይውጣ። ለምን እንዲህ እንደምል ሰምታችሁ ፍረዱ። አቶ ከበበ፣ እርስዎም ይስሙኝ። ምን ዘሊካ? ብፌ የሚለውን ልተወው ትያለሽ? አትተዪው!

ወደ ሂርጳ ልመለስ። ክራር ያውቅ ነበር፤ ፒያኖ ግን አያውቅም። እዚሁ ተቀምጦ በጣቱ ሲነካካ ተማረ። ፈረንጅ ያጠበቀውን ሽቦ አንድ በአንድ እያላላ በራሱ ጆሮ ቃኘው። ከዚያ ከጀይላን ሱቅ የጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ገዝቶ፣ የጫማ ሰፊ መብሻ ተውሶ መብሳት ጀመረ። የመጀመሪያውን ጥቅልል ስረግጠው ቁልፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ወረዱ። የሳህን መደርደሪያ የወደቀ መሰለን።

«ሂርጳ፣ ሠርግ ነው ወይስ ድብድብ?» አልኩት።

«አንተ እርገጥ! አፍህ ፔዳል የለውም» አለኝ።

ጠባዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኪሱ፣ ከጸጉሩ፣ ከጫማው የወረቀት ፍርፋሪ የሚረግፍ ሰው ነው። ሚስቱ ዲንቄ፣ «ከወጡ ውስጥ ሳይቀር ወረቀት አወጣለሁ፤ ጾም ይሁን ፍስክ እንጃ» ትላለች። አዲስ ዘፈን አሰምቶህ «ቆንጆ ነው» ካልከው ይቆጣል። «ምላስህን ማን ጠየቀህ? እግርህ ምን አለ?» ይላል። ተዝካር ቤት እንኳ ጠረጴዛ መነካካት አይተውም። ከየካ ተነስቶ እስከ ከተማ የተዘፈነውን ያን ዘፈኑን ያወጣው ዳገት ሲወጣ ነው፦

ሽቅብ አስወጣኝ ቤቷ ከላይ ሆኖ፣
ስመለስ እግሬ ብቻ፣ ልቤ እዚያው መንኖ።

አዝማቹን በኦሮምኛ አድርጎት፣ ኦሮምኛ የማያውቀውም ከሚያውቀው በላይ ይጮህበት ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ጋሽ አካሉ ለእንግዶቻቸው ጥቅልሉን እኔ ራሴ ካላስገባሁ አሉ። አስገቡት፤ ከጅራቱ! እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስረግጥ ዘፈኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ጉድ ነው። ሕዝቡ ግን ምን ገዶት፣ ተነስቶ ጨፈረ። ሂርጳ ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ከወጥ ቤት ሮጦ መጣ። አቁሙ ሊል ነው ስል፣ «እንዳታቆም! እንዳታቆም!» አለኝ። በሳምንቱ ያንን የተገለበጠ ዜማ አስተካክሎ አዲስ ዘፈን አደረገው። ዛሬ ሠርጋችሁ ላይ የምትሸኙበት ዘፈን እሱ ነው። ከጅራቱ የተወለደ ነው፤ አሁን ዕወቁት።

ከዚህ በኋላ የማወራው አያስቅም።

በሃምሳ ሁለት እንጦጦ ላይ ትልቅ ሠርግ ነበር። ፒያኖውን በጭነት መኪና ይዘን ወጣን። ዳገቱ ላይ ስናወርደው ገመዱ ተበጠሰና ፒያኖው ወደ ገደሉ ተንሸራተተ። ሁላችንም ዘልለን ሸሸን፤ ነፍስ ትጣፍጣለች። ሂርጳ ግን ድንጋይ አንስቶ ከሥሩ ወሸቀ። ድንጋዩ ገባ፤ ቀኝ እጁም አብሮ ገባ። ፒያኖው ቆመ። እኛ «እጅህ! እጅህ!» ስንል እሱ ምን አለ? «ተሰበረ ወይ?» አለ። ስለ ፒያኖው ነው።

ሐኪሙ ጣቶቹ ከእንግዲህ አይታዘዙም አለ። ያን ክረምት ሂርጳን ማየት ይከብድ ነበር። መጥቶ ይቀመጣል፤ ፒያኖውን አያየውም። «ልርገጥልህ?» ስለው፣ «የቆየውን አልፈልግም» ይለኛል። አዲሱ ደግሞ ከየት ይምጣ? ሁሌም መጀመሪያ በጣቱ ይጫወትና የወደደውን ነበር የሚበሳው። ሰውየው አለቀ አልን። እኔም ብያለሁ።

መላውን ያገኘችው ዲንቄ ናት። አንድ ጠዋት ባዶ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ጫፉን ይዛ፣ «እኔ እይዛለሁ፣ አንተ በግራህ ብሳ» አለችው።

«ያልተጫወትኩትን ምን ብዬ ልብሳ?»

«እስከ ዛሬ ጣትህ የደረሰበትን በሳህ። አሁን ጣትህ ያልደረሰበትን ብሳ።»

ጥቅምት ላይ አንድ ጥቅልል ይዞ መጣና «እርገጥ» አለኝ። ረገጥኩ። ምን ልበላችሁ? ከሥር ወፍራሙ ይራመዳል፣ መሐሉ ያዜማል፣ ከላይ ቀጭኑ እንደ ዝናብ ጠብታ ይንጠባጠባል፤ ሁሉም በአንዴ። ሁለት እጅ ያለው ሰው ያንን መጫወት አይችልም። ሦስት እጅ ይፈልጋል። አንድ እጁን የተነጠቀ ሰው የሦስት እጅ ዘፈን አመጣ! ሲያልቅ፣ ድገም ሳልባል ጥቅልሉን መልሼ እንደገና ረገጥኩ። ወለተጊዮርጊስ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ጎመኑ አረረ፤ የተቆጣ የለም። ከዚያ ወዲህ እዚህ አዳራሽ የጨፈራችሁበት አዲስ ዘፈን ሁሉ፣ ሠሪው ራሱ በጣቱ ተጫውቶት የማያውቀው ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ታምር ሲወራ ሰምቻለሁ። ያየሁት ግን ይህን ነው።

ሂርጳ፣ አመሰግንሃለሁ። እኔ በዓለም ላይ ማንበብ የምችለው አንድ ነገር ቢኖር ያንተን ቀዳዳ ነው። ጥቅልሉን በጣቴ ስዳስሰው የትኛው ዘፈን እንደሆነ፣ የት ላይ ሰው እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። ሌላ ማንም አላስተማረኝም። እግር ብቻ የነበርኩትን ሰውዬ ዘፈን ውስጥ አስገባኸኝ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ መጣሁ፣ አቶ ከበበ። ሰኞ ዕለት ቢሮዎ ገብቼ ስለምንዎ፣ «ገብረማርያም፣ ዘመኑ የቴፕ ነው» አሉኝ። ይሁን፤ ቴፕዎን ይክፈቱ። ነገር ግን የሂርጳ ጥቅልሎች ሌላ ፒያኖ ላይ ቢገቡ አይዘፍኑም፤ ይነጫነጫሉ። የተበሱት በእሱ ጆሮ ለተቃኘው ለዚህ ብቻ ነው። ፒያኖው ብፌ ሆነ ማለት ጥቅልሎቹ ተመልሰው የጨርቅ መጠቅለያ ሆኑ ማለት ነው። «ማንስ ይረግጥለታል?» ብለውኛል። እኔ! ጉልበቴ እስካለ ድረስ ዳገቱን እየወጣሁ እረግጣለሁ። እንጦጦ አየሩ ጥሩ ነው ይላሉ።

ሂርጳ፣ አንተ የማታውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለፈው እሁድ ዲንቄ የቤትህን በር ከነግድግዳው ስታስፈርስ፣ «ሴትዮ፣ አበድሽ ወይ?» ብለሃት ነበር። አላበደችም። ፒያኖው እንዲገባ ነው የሰፋው። ያፈረሱትም እነዚህ አጠገብህ ተቀምጠው የማያውቁ የሚመስሉት ናቸው። ሹፌሩ ጉተማ የጭነት መኪናውን ከውጭ አቁሞ እየጠበቀ ነው። የቀረው የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው።

በሉ ተነሱ። ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ ብርዝ የያዘ ብርዙን ያንሳ። ሂርጳ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ዲንቄን ያቆይልህ፤ ግራ እጅህ አይድከም፤ ወረቀት አይጥፋብህ። ስሙኝ ታዲያ፤ ይህን ብርጭቆ ያነሳ ሁሉ ፒያኖው ሽቅብ ይውጣ ብሏል ማለት ነው። ያላነሳም ይታያል። አቶ ከበበ፣ እኔ እጅዎን እያየሁ ነው፤ እርስዎ ሳያነሱ አልጠጣም፤ እዚህ ያለውም አይጠጣም።

አበቃሁ። በይ ዘሊካ፣ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። አቶ ከበበ የሚለው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።