የሽኝቱ ጋቢ

የሽኝት ጋቢ አለበሱኝ ስላችሁ ወድደውኝ እንዳይመስላችሁ። ቢቸና ስሠራ ኃላፊያችን እጁ አላርፍ ብሎ ቢያስቸግረኝ አመለከትኩ። የመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ «ማን አየ? ምስክር አለሽ?» አለኝ። የለኝም። ብዙም ሳይቆይ «ለራስሽ ሰላም ሲባል» ብለው ወደ ሞጣ አዛወሩኝ። ሰላም የነሳኝ እሱ፣ ሻንጣ የምሸክፈው እኔ! ይባስ ብለው ሽኝት አዘጋጁልኝ። ኮሚቴው ከፊት ተደርድሮ ጥብሱን ይበላል፤ ኃላፊያችን ተነሥቶ «እንደ ታናሽ እህቴ ነበር የማያት» እያለ እንባ እንባ አለው። ከዚያ ጋቢ ሊያለብሰኝ መጣ። ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና ሁሉም እያየ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ወገቤ፣ ከወገቤም ወደ ታች ወረደ። ካረፈበት ሳይነሣ ቀብ አድርጌ ያዝኩና ወደ ኮሚቴው ዞርኩ። «ምስክር አምጪ ብላችሁኝ ነበር፤ ይኸው፣ ራሳችሁን ቁጠሩ!» ሁሉም ዓይኑን ጥብሱ ላይ ተከለ። ሰብሳቢው ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ «ተይ እንጂ እህቴ፣ በሽኝት ቀን እንዲህ አይባልም» አለኝ።

ጋቢውንማ ለምን እተወዋለሁ? ለብሼው ሞጣ ገባሁ። አዲሱ ኃላፊ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ፤ ስሜን ስነግረው ግን ቶሎ ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ለካ ያቺ ከሳሿ አንቺ ነሽ!»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እጅዎ እዚያው ኪስዎ ውስጥ ከከረመ ተስማምተን እንሠራለን።»