የማስተሩ ካሴት አልተሰረቀም

የምስክር ስም፦ በተለየ ቅጽ የተያዘ (በሥራ ቦታ «እትዬ ኮፒ» ተብላ የምትጠራ)
ዕድሜ፦ 54
ትምህርት፦ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀች
ሥራ፦ የቀድሞ የካሴት ማባዣ ክፍል ኃላፊ
አድራሻ፦ ከድሮው ሲኒማ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት

እኔ ምስክር ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ የመጣሁ ስሆን፣ አመልካቹ ታላቅ ወንድሜ፣ ተጠርጣሪው ደግሞ መጀመሪያ ያከፋፈልነው ፊልም ዳይሬክተር ነው።

ወንድሜ የፊልም ማከፋፈያውን የከፈተው የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ልብስ ሰፊ በለቀቀው አንድ ክፍል፣ በስድስት ማባዣ ማሽን ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች የማይነኳቸውን የጀማሪ ፊልሞች ተቀብለን በካሴት እያባዛን ለቪዲዮ ቤቶች እናከፋፍል ነበር። ስለዚያ ሥራ ከጀመርኩ አላበቃም፤ መርማሪው ሁለት ጊዜ «ወደ ጉዳዩ ይግቡ» ብለውኛል። ግን ይመዝገብልኝ፦ ስድስቱም ማሽኖች ሲነሱ ክፍሉ ይሞቃል፣ በስድስት ቴሌቪዥን ላይ ያቺው ተዋናይት እኩል ታለቅሳለች፣ እኔም ለመቶኛ ጊዜ አብሬያት አለቅሳለሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

የቀረጻው ካሴቶች ለሌላ ሥራ ስለዋሉ የዳይሬክተሩ ፊልም ማስተር፣ ማለትም ቅጂው ሁሉ የሚባዛበት ዋናው ካሴት፣ አንድ ብቻ ነበር። ሥራ በጀመርን በአራተኛው ዓመት ሌቦች ሁለት ማከፋፈያ ሰብረው ማስተሮች ወሰዱ። እኔም ለማንም ሳልናገር ማስተሩን ጨርሶ ባልተሸጠልን ፊልም ሽፋን ውስጥ ከተትኩት። የፊልሙን ርዕስ አልጠቅስም፣ ሠሪዎቹ በሕይወት አሉ። ሌባ ቢመጣ እንኳ ያንን እንደማይነካው እርግጠኛ ነበርኩ። ብልጠቴ እንዲሞላ የማስተሩን ጽሑፍ ልጬ የዚያን ፊልም ለጠፍኩበት፣ ሳምንት ሙሉም ለብቻዬ ስስቅ ከረምኩ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ኮሜዲ ገበያውን ቀወጠውና ባዶ ካሴት ጠፋ። ወንድሜ «ያንን የማይሸጥ ጉድ አውጪና በላዩ ቅጂበት» አለኝ። ከካሴት ጀርባ፣ ሌላ እንዳይቀዳበት የምትሰበር ጥርስ አለች፤ ክፍተቷን በፕላስተር ከሸፈኑት እንደገና ይቀዳል። በአርባ ካሴት ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። አንዱ ማስተሩ ነበር።

የደበቅኩት ትዝ ያለኝ ከሦስት ቀን በኋላ ዳይሬክተሩ ማስተሩን ሲጠይቅ ነው። አርባዎቹም ተሸጠው አልቀው ነበር። ወንድሜ ግን ቀድሞኝ «አንተው ነህ የወሰድከው፣ ለሌላ አከፋፋይ ልትቸበችበው!» ብሎ ጮኸበት። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረና «ከዚህ ክፍል አንዲት ብሎን እንኳ ይዤ እንደማልወጣ እሷ ትንገርህ» አለ። እኔ ማሽን እንደሚያጠፋ ሰው ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ፊልም ሠሪ ሁሉ ሸሸን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ተዘጋን። ዳይሬክተሩም ሌባ ተብሎ ስሙ ስለጠፋ ሌላ ፊልም የሚያሠራው አላገኘም።

ባለፈው ወር ፊልሙ በኢንተርኔት ሲታይ ወንድሜ «ማስተሩ ከሌባው እጅ ወጣ» ብሎ አመለከተ። ቅጂውን አይቼዋለሁ፤ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የድርጅታችን ስልክ ቁጥር ከታች ያልፋል። ያንን ቁጥር ለሽያጭ በሚወጡት ቅጂዎች ላይ ብቻ የማስገባው እኔ ነበርኩ፣ ማስተሩ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የታየው ከሱቅ የተገዛ ካሴት ነው።

እሑድ ከወንድሜ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቻልሽውን ዛሬ ምን አከበደብሽ?» አለኝ።

«ያኔም ከብዶኝ ነበር፣ ጋሼ» አልኩት። እስከ በር እንኳ አልሸኘኝም።

ዛሬ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ዳይሬክተሩ ተጠርቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ሸብቷል። እንዳየኝ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝና «እትዬ ኮፒ፣ አንቺንም በኔ ጣጣ አመላለሱሽ? ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ጉዳዩን ከሌላ ሰው ሳይሰማ እኔው ልንገረው ብዬ መርማሪውን ጠይቄ፣ ከፈረምኩ በኋላ የሚከለክለኝ እንደሌለ ተነግሮኛል።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ያልኩት ሁሉ እንዳለ ሰፍሮ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው። የዘገየ መሆኑም ይጻፍ ብዬ በራሴ ጥያቄ አስጽፌያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________