ጋሼ ድንብሩ ጠረጴዛ ስር ይግቡ

እኔ ወደምሠራበት፣ አሜሪካ ፌርፋክስ ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት አንድ ዝነኛ ተዋናይ ይመጣሉ። ድሮ በቴሌቪዥን ድራማ ድንብሩ የሚባል ፈሪ ሚሊሻ ሆነው በሳቅ የገደሉን ናቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ድንብሩ ነው የምላቸው። ባለፈው እሁድ ሄሊኮፕተር በላያችን ስታልፍ፣ «ጋሼ ድንብሩ፣ ቶሎ ጠረጴዛ ስር ይግቡ!» ስል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አንድ ሽማግሌ ግን ብድግ አሉና እግራቸውን ገጥመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧቸው። «ሻምበል! በጦርነቱ አውሮፕላንዎ ላይ ቦምብ እጭን የነበርኩት እኔ ነኝ! ስንቴ ክንፉ ተበሳስቶ ተመለሱ!» «ሶሪ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ ፊቴ እሳት መስሎ። ጋሼ ድንብሩ ከት ብለው ሳቁ። «ምን አጠፋሽና? ያን ሁሉ ፍርሃት የት ያጠናሁት መሰለሽ? እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ነዋ!»