ጠመኔዬና የጓድ ዳኘው በር

ክቡራትና ክቡራን! የአስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ ዳኘው ከፊት ለፊቴ ስላሉ ጓዶችም ልበል። ሥራችሁን አቁማችሁ ጡረታ ለምትወጣ አንዲት ጥራት ተቆጣጣሪ ይህን ሁሉ ስለደገሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢውንም ወድጄዋለሁ። እናትዓለም፣ ጥለቱን አንቺ እንደመረጥሽው ገብቶኛል።

ሃያ አንድ ዓመት እናንተ የሰፋችሁትን ሸራ ስመለከት ኖርሁ። የሚያፈስ ስፌት ባገኘሁ ቁጥር በጠመኔ ክብ ሥዬበት መልሼባችኋለሁ። ስንታችሁ በሆዳችሁ ረግማችሁኛል? አትሳቁ፣ አውቃለሁ! ግን ወደ ጎርጎራ በጀልባ የሄደ እህል በእኛ ሸራ ተሸፍኖ ረጠበ ሲባል ሰምታችኋል?

አሁን ስለ ልጄ ልናገር። ሣህሉን አብራችሁኝ ቀብራችሁታል። የፋሲሎ ሰፈርና የወደብ ሰፈር ልጆች ቡድን ለይተው ሲደባደቡ መጀመሪያ በድንጋይ ነበር። ኋላ ሽጉጥ መጣ። ልጄ ሊገላግል ገባ፤ የጓድ ዳኘው ልጅ አዘዘ ተኮሰበት። ሣህሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። "ባርቆበት ነው" ተባለና አዘዘ በሳምንቱ ተፈትቶ ቤቱ ገባ። ሽጉጡም አብሮት ገባ።

ወንድሞቼ ከይፋግ ጠመንጃ ይዘው መጡ። "ደሙን እንመልስ?" አሉኝ። እሺ ማለት እንዴት አምሮኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው! ግን ከዚያስ? የአዘዘ አጎቶች ደግሞ ወደ ሁለተኛው ልጄ ሊመጡ ነው። እያለቀስሁ መለስኋቸው።

ቀጥሎ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። "ልጄ፣ ይቅር በይ" አሉኝ።

"አባቴ፣ አባትና ልጁ ሽጉጡን ጣና ውስጥ ይጣሉትና ይቅር እላለሁ።"

ጓድ ዳኘው ምን ብለው መለሱ? "ወንድ ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም።"

በማግስቱ ማለዳ የእርሳቸው የብረት በር ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ሣልሁበት። ዘበኛው አጠበው። ደግሜ ሣልሁ። አላፊ አግዳሚው ምንድን ነው ሲል "እዚህ ቤት ልጅ ከሽጉጥ ጋር ይተኛል" እለዋለሁ። ሌሎች እናቶችም ጠመኔ ስጪን አሉኝ። ጎረቤቴ አገርነሽማ የገዛ በሯ ላይ ሣለች! ልጇ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት፤ ከዚያ ሽጉጡን ወስዶ ለቀበሌ አስረከበ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት በር ጸዳ።

ያኔ ጓድ ዳኘው ቢሯቸው አስጠሩኝ።

"ሥራሽን ትወጂዋለሽ?"

"እወደዋለሁ።"

"እንግዲያው ከበሬ ራቂ።"

ራቅሁ። ነውሬ ይኸውላችሁ። የቀሩትን ልጆች ማን ያበላልኛል ብዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ ዓይኔን ሰበር አድርጌ አለፍሁ። የልጄን ደም ትቼ እንጀራዬን መረጥሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አዘዘ ያንኑ ሽጉጥ ታጥቆ ወደቡ ላይ ቆሞ አየሁት። አሁንስ የማንን ልጅ ነው የሚጠብቀው?

ጓድ ዳኘው፣ አይነሡ እንጂ፣ ልጨርስ ነው። ዛሬ ጠዋት የጡረታ ደብዳቤዬን በእጅዎ ፈርመው ሰጥተውኛል። ከእንግዲህ ከየት ሊያባርሩኝ ነው? እስር ቤት እንዳለ አልጠፋኝም። እኔ ብታሰር አገርነሽ ጠመኔ አላት፤ እርሷ ብትታሰር ሌሎቹ አሉ። አዎ፣ ቂም ይዣለሁ! አራት ዓመት አብሬው በልቻለሁ፣ አብሬው ተኝቻለሁ፤ ዛሬ በሁላችሁም ፊት አወጣሁት።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እጃችሁ አይዛል፣ ስፌታችሁ አያፍስስ። ልጆቻችሁ በደህና ወጥተው በደህና ይግቡላችሁ፤ እኔ ያየሁትን አንዳችሁም አትዩ።

ለአዘዘም ሞት አልመኝለትም። ዕድሜ ይስጠው! ጸጉሩ እስኪሸብት ይኑርልኝ። ሽጉጡ ጣና እስኪገባ ድረስ በየማለዳው ተነሥቶ የአባቱን በር ይጠብ።

ነገ ማለዳ በርዎ ላይ ነኝ፣ ጓድ ዳኘው። የሐይቁ ንፋስ በዚያ ሰዓት ይበርዳል፤ ግድ የለም፣ ጋቢ ሰጥታችሁኛል።