ደረጃ ያልሆነው የወይዘሮ እማዋይሽ ወፍጮ

የተወደዳችሁ ለቀስተኞች፣ ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። ዲያቆኑ የሚያነብላችሁ ቃል የእኔ የሸዋወርቅ፣ የወይዘሮ እማዋይሽ ባል ታላቅ እኅት ቃል ነው፤ ፊደል ስላልቆጠርኩ አስጻፍኩት እንጂ ሐሳቡስ የራሴ ነው፤ የከፋው ቢኖር እኔን እንጂ እሱን አይቆጣ።

ወይዘሮ እማዋይሽ በቡልጋ፣ ከገበሬ አባትና እናት፣ ያ ክፉ የከብት እልቂት ባለፈ ማግስት ተወለዱ፤ ዓመቱን የጻፈ የለም። ትምህርት ቤት የሚባል ባልነበረበት አገር ከእናታቸው ወፍጮ ሥር ተቀምጠው ሙያ ተማሩ፤ ለአካለ ሔዋን ሲደርሱም ኮርቻ ሠሪውን ወንድሜን አስናቀን አግብተው፣ እሱ እንጀራ ፍለጋ ወደ መቐለ ሲመጣ አብረው መጥተው፣ እዚሁ አምስት ልጆች ወልደው፣ ሦስቱን ቀብረው፣ የትምወርቅንና ደሳለኝን ለቁም ነገር አበቁ። አስናቀም በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. አረፈ።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከተማውን በያዘበት ዘመን፣ እነሆ እዚያ ነጭ ለብሰው የቆሙት አቶ ከፋለ በሰፈራችን የሞተር ወፍጮ ተከሉ። አልዋሽም፣ ከሁሉ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤን የሰበረው ድንጋይ ነውና። እማዋይሽም እህላቸውን ወደ ሞተሩ ወሰዱ፤ ሞተርን ክፉ ያሉበት ቀን የለም። የናቁት እኛን ነው፤ ደግሞም ደህና አድርገው ናቁን።

አቶ ከፋለ ለወፍጮ ቤታቸው ደረጃ ድንጋይ ሲያስፈልጋቸው፣ ሥልጣኔ መጥቶላችሁ ወፍጮ ለምናችሁ ነው ቢሉን፣ እኛ ብልሆቹ እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን የፈጩበትን ድንጋይ እየዘፈንን ተሸክመን አስረከብናቸውና የጫማ መርገጫ አስደረግነው። እማዋይሽ ብቻ እምቢ አሉ። በአገሩ ቋንቋ እናት ብለን፣ አደይ እማዋይሽ ድንጋይ ሊድሩ ነው፣ ሠርጉ መቼ ይሆን እያልን ሳቅንባቸው። እሳቸው ለአራስ የምትሆን ጥቂት ዱቄት እየፈጩ፣ ድንጋዩ ሲልምባቸው እንደገና እንዲፈጭ በመዶሻ እየወቀሩ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያተረፍነውንስ ጊዜ ምን አደረግንበት? ቀድሞ ተሰብስበን በተራ ስንፈጭ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ እንሰማ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን በሞተር ጩኸት ደንቁረን፣ ሰልፍ ላይ በክርን ስንጓሸም ዋልንና ሠለጠንን ተባልን። እማዋይሽ እህል የሞላ ቁናቸውን በሰልፉ ላይ አስቀምጠው፣ በሽተኛ ጠይቀው፣ የአራስ ቤት ጠርገው ይመለሱ ነበር። አቶ ከፋለ ባለቤቱ ያልቆመበት እህል ተራ የለውም እያሉ ቁናውን ወደ ኋላ ያስገፉት ነበር፤ እኛም ተራችን ስለቀረበልን ደስ ይለን ነበር። እሳቸው ከኋላ ይቆማሉ እንጂ የአራሷን ቤት አልተዉም።

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ ናፍጣውም አብሮት ወጣ። ሞተሩ ዝም አለ። ወፍጯችንን እንመልስ ብለን ደረጃውን ብንነቅል፣ ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቆ ኖሮ በእጃችን ላይ ተሰባበረ፤ ያን ሁሉ እህል በየጎታው አስቀምጠን ዱቄት ያጣን ሰዎች ሆንን።

ያን ሰሞን ከወሎ የመጣችው ጎረቤታችን ዘሃራ የሦስት ቀን አራስ ነበረች፤ ባሏ መንገድ ሄዶ፣ በቤቷ ገብስ እንጂ እፍኝ ዱቄት አልነበረም። በዚያው ጧት ከአቶ ከፋለ ቤት አንድ ጆንያ ጤፍ በአህያ ተጭኖ፣ ይቅደም ከሚል መልእክት ጋር፣ እማዋይሽ ደጅ ደረሰ። እማዋይሽም ጆንያው አልታመመም፣ ይቆይ ብለው የዘሃራን ገብስ ፈጩ። ከዚያም አራስና በሽተኛ አስቀድመው፣ አቅመ ደካማ አስከትለው፣ ጉልበት ያለን እኛን ለራሳችንም ለሌላውም እያስፈጩ፣ ናፍጣ እስኪመጣ ሦስት ወር ሙሉ ሰፈሩን በአንድ ድንጋይ አኖሩት። የአቶ ከፋለም ጆንያ ተራው ደርሶ ተፈጨ፤ ቂም አያውቁም ነበር፤ ቂሙን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ሞተሩ ሲነሣ ሁላችን ተመለስን፣ እሳቸውም ተመለሱ፤ ወገባቸው ግን እንደጎበጠ ቀረ። በኋላም ደረታቸውን ታመው፣ ዘሃራ ሌትና ቀን ሳትለያቸው ስታስታምማቸው ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ፣ በ፲፱፻፴፱ ዓ.ም. ዐረፉ።

ትናንት አቶ ከፋለ ወፍጮው ለመታሰቢያ በመቃብራቸው ላይ ይቁም ብለው አሳሰቡ፤ ብዙዎቻችሁም መልካም ነው አላችሁ። አይ እናንተ! የራሳችሁን ከእግራችሁ በታች ቀበራችሁ፣ አሁን ደግሞ ይህን ከሬሳ በላይ ልትቀብሩት ነው? አይሆንም። ዛሬ ጧት ልጃቸው የትምወርቅ ወቅራዋለች፤ ወፍጮው ከቤታቸው ነው፣ በሩም ክፍት ነው። ነገ እህላችሁን ወደ ሞተሩ ውሰዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ በሚተርፋችሁ ጊዜ ግን የየትኛውን በሽተኛና አራስ ደጅ እንደምትረግጡ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ወይዘሮ እማዋይሽ ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እንደ ልጅ የቀበረቻቸውን ዘሃራን፣ እኔንም የሳቅኩባቸውን አሮጊት ትተው ሄደዋል። ደካማን ያስቀደሙትን እኚህን እናት እግዚአብሔር በመንግሥቱ ደጅ ወደ ኋላ አይግፋቸው። አሜን በሉ፤ አቶ ከፋለ፣ እርስዎም ጮክ ብለው ይበሉ።