ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠች ላስቲክ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከናዝሬት ወደ ወንጂ በምትሄድ አሮጌ ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። ጋቢና የተቀመጡ አዛውንት መካኒክ የመኪናዋን ድምፅ ሲያዳምጡ ቆይተው ሹፌሩን ጠየቁት።

«መሪው ይንቀጠቀጣል?»

«ፈጠን ስል አዎ፣ ጋሼ።»

«ጉድጓድ ላይስ?»

«ከፊት በኩል ይንኳኳል።»

«የፊት እግሯ ላስቲክ አልቋል፤ ብረት ከብረት እየተጋጨ ነው። ማነው የገጠመልህ?»

«ልጅዎ ነው። መለዋወጫ ቢጠፋ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ሠራልኝ፤ ሊዘምት ሲል።»

«ያቺን ነው? ሳምንት አትቆይም ብዬ ሰድቤው ነበር።»

«ሁለት ክረምት አለፋት እኮ።»

አዛውንቱ ወደ ፊት ጎማው በኩል ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«ከዘመተ ወዲህ የልጅዎ ወሬ አልተሰማም፣ ጋሼ?»

«አልተሰማም። ነገ ጋራዥ አምጣት፤ እኔም ከጎማ ቆርጬ እሠራልሃለሁ። የሱን ግን እንዳትጥላት፤ እኔ እወስዳታለሁ።»

ወንጂ እስክንገባ፣ ከፊት በኩል ኳ ባለ ቁጥር እኔም ጆሮዬን አቆም ነበር።