ሐኪሙ ያዘዘልኝ የእግር መንገድ

ቦዲቲ አስተምር በነበርኩበት ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል የእግሬ ደም ሥሮች አብጠው ተገታትረው ነበር። ሶዶ አንድ ክሊኒክ የደም ሥር ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቷል ሲባል፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ይዞኝ ሄደ። እግሬን በምላጭ የሚቀድዱት መስሎን ፈርተናል። እሱማ ስንመለስ ተኝቼ እንድሄድ መኪና ለምኖ ፍራሽ ሳይቀር አስጭኗል።

ሐኪሙ ግን ምላጭም አላነሳ። በቀጭን መርፌ ደም ሥሩ ውስጥ መድኃኒት ወጋኝ፣ ጠበቅ ያለ ረጅም ካልሲ አለበሰኝና «በሉ ይነሱ፣ አሁኑኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» አለኝ።

«ፍራሹስ?» አለ ባለቤቴ ደንግጦ።

«እርስዎ ይተኙበት፤ እሳቸው ይሄዳሉ።»

እየሳቅን ወጣን። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞኝ የሚሄድ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞ፣ በእኔ እርምጃ ልክ እየተራመደ ከገበያው እስከ አደባባዩ ዞርን። ግማሽ ሰዓቱ ካለፈም ቆይቷል። ሰው ሲያየን አፍሬ፣ «ልቀቀኝ እንጂ፣ እግሬ እኮ ደህና ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፤ ክንዴን ግን አልለቀቀም።